አጥንቴን የበላው የራሴ መከላከያ ከሆነ ላጠንክረው ወይስ ላዳክመው?

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«የ38 ዓመት መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጥርሴን ጠዋትና ማታ እቦርሻለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በወይራ መፋቂያ እፍቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ላለፉት ሦስት ዓመታት ያህል ስቦርሽም ሆነ ቆሎ ስቆረጥም ድዴ ይደማል። ስለማያመኝ ችላ አልኩት። ዘንድሮ በላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቼ መካከል ክፍተት ተፈጠረ፤ የሥራ ባልደረቦቼም “ፍንጭት አወጣሽ፣ አማረብሽ” እያሉ ያሞግሱኝ ነበር። በኋላ አንዱ ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ራጅ አንስታ በጥርሶቼ ዙሪያ ያለው አጥንት መውረዱን አሳየችኝና “አጥንቱን የበላው ባክቴሪያው ሳይሆን የእርስዎ የራስዎ የመከላከያ ሥርዓት ነው” አለችኝ። ደንግጬ ምንም ሳልጠይቃት ወጣሁ። እናቴ 50 ዓመት ሳይሞላት አብዛኞቹ ጥርሶቿ ወልቀው ነበር፤ እሷ “ድድሽን ተነቀሺ፣ ደሙን ያቆመዋል” ትለኛለች። ባለቤቴ ጥርሱን ቢፍቅ በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱ ግን ምንም የለበትም። ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ሲባልም እሰማለሁና እፈራለሁ። የመከላከያ አቅሜን የሚያጠነክር ነገር ልውሰድ ወይስ የሚያዳክም መድኃኒት?»

ውድ ጠያቂያችን፣

መልሱን ላስቀድም፤ አያጠንክሩትም፣ አያዳክሙትምም። ሐኪምዎ የነገሩዎት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ በመሆኑ፣ ሌላው ግማሽ ሳይጨመርበት ከሐኪም ቤት የወጣ ሰው የገዛ ሰውነቱ የከዳው ያህል ቢሰማው አይፈረድበትም። እኔም በሥራዬ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ለታማሚዎች ስናገር ብዙ ጊዜ ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁና፣ ቀሪውን ግማሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎት።

ቆዳችንም ሆነ የጉንጫችን ውስጠኛ ሽፋን በየጊዜው እየተላጠ ስለሚታደስ፣ በላዩ የተለጠፈው ባክቴሪያ አብሮ ይረግፋል። ጥርስ ግን አይላጥም። ከዚህም በላይ የሰውነትን ሽፋን በስቶ፣ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ የሚኖር ጠንካራ አካል በመሆኑ፣ ድድ በአንገቱ ዙሪያ ተጣብቆ መግቢያውን መዝጋት ይኖርበታል። ድድና ጥርስ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጤነኛ ሰው ዘንድ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ያላት ጠባብ ስንጥቅ አለች። የዚህች ስንጥቅ ወለል እጅግ ስስ ነው፤ ድዱ ፍጹም ጤነኛ በሆነ ሰው እንኳ ነጭ የደም ሕዋሳት ያለማቋረጥ ከደም ሥር እየወጡ በዚያ በኩል ወደ አፍ ይፈሳሉ። ይህ እንግዲህ በሽታ ሳይሆን የዘወትር ጥበቃ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ከጥርሱ አንገት ላይ ያልተጠረገው ዝልግልግ የባክቴሪያ ንጣፍ ቀን በቀን እየወፈረ ወደ ስንጥቋ ውስጥ ሲወርድ ነው።

ይህ ንጣፍ ድድን የሚያስቆጣ መሆኑ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ ነው። ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎችን ጥርስ ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ቀላ፣ አበጠ፣ ደማ። መቦረሽ ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ውስጥ ሁሉም ዳኑ። ከዚህ ሙከራ እርስዎ ሊይዙት የሚገባ ነገር፣ የድድ መድማት ቁጣ መጀመሩን የሚናገር ምልክት መሆኑን፣ በዚህ ደረጃ ላይ እስካለ ድረስም አጥንት ሳይነካ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ መሆኑን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቆሎ ሲቆረጥሙ ያዩት ደም ይህን ምልክት ሲሰጥዎት ኖሯል። አለማመሙ ነው ያዘናጋዎት፤ ይህ በሽታ ብዙዎችን የሚያዘናጋውም በዚሁ ነው።

አሁን ወደ አጥንቱ። በስንጥቋ ውስጥ ያለው ንጣፍ በጊዜው ሳይነሳ ሲቀር፣ መጀመሪያ ደራሾቹ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት ይጎርፋሉ። ባክቴሪያን በቀላሉ የሚውጡ ናቸው፤ ተደራርቦ የተጣበቀ ንጣፍን ግን ሊውጡት አይችሉም። ስለዚህ በውስጣቸው የያዙትን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ወደ ውጭ ይረጩታል። ኢንዛይሙ የባክቴሪያውንና የባለቤቱን ሥጋ አይለይም፤ ድድን ከጥርስ ጋር ያሰሩትን የኮላጅን ክሮች ይበጣጥሳቸዋል። ከኋላቸው ማክሮፋጅ፣ ቲ እና ቢ ሊምፎሳይት የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ይመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ እርስ በርስ በኬሚካል ይጣራሉ። ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 17 እና ቲኤንኤፍ የሚባሉት ጥሪዎች ሲበዙ፣ ራንክ-ኤል የሚባል አንድ ሌላ መልእክት በድዱ ሥር ባለው ሥጋ ውስጥ ይጨምራል። የአጥንትዎ ዕጣ የሚወሰነው በዚህ መልእክት ነው።

አጥንት በሕይወት ዘመን ሁሉ እየፈረሰ የሚገነባ አካል መሆኑን ያውቁ ይሆናል። አፍራሹ ሕዋስ ኦስቲዮክላስት ይባላል፤ የሚወለደውም ከማክሮፋጅ ጋር ከአንድ የዘር ሐረግ ነው፤ ማለትም ራሱ ከመከላከያው ሠራዊት ቤተሰብ ነው። ይህ ሕዋስ ሥራ የሚጀምረው ራንክ-ኤል ሲደርሰው ሲሆን፣ ኦስቲዮፕሮቴጄሪን የተባለ ሌላ ፕሮቲን መልእክቱን መንገድ ላይ እየቀለበ ያስቀረዋል። በጤና ጊዜ ሁለቱ ሚዛን ይጠብቃሉ። ድዱ ለወራትና ለዓመታት ሲቆጣ ግን የመልእክቱ ብዛት ከቀላቢው ይበልጣል፤ ኦስቲዮክላስቶቹ በጥርሱ ዙሪያ ባለው የአጥንት ጫፍ ላይ ተለጥፈው አሲድና ኢንዛይም እያፈሰሱ ይቦረቡሩታል፤ ገንቢዎቹም በዚያ ሁካታ መሐል የፈረሰውን መተካት ያቅታቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር ልጨምር። ይህ በሽታ ባለበት መንጋጋ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ አጥንቱ ላይ ሰፍረው እምብዛም አይገኙም። በንጣፉ የታችኛ ጫፍና በአጥንቱ አናት መካከል ሁልጊዜ ወደ ሁለት ሚሊሜትር የሚጠጋ ክፍተት ይቀራል፤ ንጣፉ ሲወርድ አጥንቱም ያንኑ ያህል ይወርዳል። እኔ ይህን የማየው እንደ ማፈግፈግ ነው። ሰውነት ከባክቴሪያ ንጣፍ ጋር የተነካካ አጥንት በመንጋጋ ውስጥ እንዳይኖር፣ አጥንቱን ወደ ኋላ እየሳበ በመካከል ሥጋና ነጭ የደም ሕዋስ ያሰልፋል። ጥርስዎን ያሳጣል፣ መንጋጋዎን ግን ከከፋ ኢንፌክሽን ይጠብቃል። ስለዚህ መከላከያዎ አልከዳዎትም፤ ሊያሸንፈው የማይችለው ጠላት ቦታውን ሳይለቅ በመቅረቱ፣ ማብቂያ ያጣ ውጊያ ውስጥ ገብቶ መሬት እየለቀቀ ነው።

«ታዲያ ባለቤቴስ?» ያሉት ጥያቄ እጅግ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከአንድ ሻይ ልማት ይመጣል። እነዚያው ሃራልድ ሎ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለ15 ዓመታት ያህል በስሪ ላንካ የሻይ እርሻ ላይ የሚሠሩ 480 ወንዶችን ተከታተሉ። ሠራተኞቹ የጥርስ ብሩሽ የማያውቁ፣ የጥርስ ሐኪም አይተው የማያውቁ፣ ጥርሳቸው በንጣፍና በጠጠረ ክምችት የተሸፈነ፣ ድዳቸውም የተቆጣ ነበር፤ በዚህ ረገድ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ ማለት ይቻላል። ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት አልሆነም። 8 በመቶ የሚሆኑት በሽታው በፍጥነት የገሰገሰባቸው ሲሆኑ፣ 81 በመቶ የሚሆኑት በመካከለኛ ፍጥነት ጥርሳቸውን የያዘው ነገር እየላላ ሄደ፤ 11 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከድድ መቆጣት ያለፈ ምንም አልደረሰባቸውም። በ45 ዓመታቸው አካባቢ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 13 ሚሊሜትር ያህል የጥርስ ይዞታ ሲያጡ፣ የመጨረሻዎቹ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነበር ያጡት። የአፍ ቆሻሻው ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት የየሰዉ ሰውነት ለቆሻሻው የሚሰጠው ምላሽ ነው። ባለቤትዎ ምናልባት ከ11 በመቶዎቹ ወገን ይሆኑ ይሆናል። እርስዎ ደግሞ እናትዎ 50 ሳይሞላቸው ጥርሳቸው ወልቋል ብለዋል፤ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ግማሽ የሚሆነው ከዘር የሚመጣ ነው። ፍትሐዊ አይደለም፤ ነገር ግን ዘርዎን መቀየር ባይችሉም ንጣፉን ማንሳት ይችላሉ። ለባለቤትዎ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ «ድዴ አይደማም» ማለታቸው ዋስትና አይሆናቸውም፤ ሲጋራ መድማቱን እየደበቀ አጥንቱ ከሥር እንዲወርድ ያደርጋልና መለካት አለባቸው።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመለስ፣ መከላከያውን ማጠንከር ለምን አይረዳም? ምክንያቱም ከባክቴሪያዎቹ አንዳንዶቹ የሚፈልጉት ራሱን ቁጣውን ነው። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው ባክቴሪያ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። የድድ ቁጣ ሲበዛ ሥጋ ይፈርሳል፣ ደም ይንጠባጠባል፤ ለዚህ ባክቴሪያ የተሰባበረ ፕሮቲንና ከደም የሚገኝ ብረት ምግቡ ነው። ስለዚህ መከላከያውን ሙሉ በሙሉ አያፍነውም፤ የመግደል ችሎታውን ሰልቦ ቁጣውን እንዲቀጥል ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ የአይጥ ጥናት ይህ ባክቴሪያ ከጠቅላላው የአፍ ባክቴሪያ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በታች ሆኖ ሳለ የሌሎቹን ብዛትና ጠባይ ለውጦ አጥንት እንዲጠፋ አድርጓል። ከማንኛውም ጀርም ነፃ ሆነው ባደጉ አይጦች አፍ ውስጥ ብቻውን ሲጨመር ግን አጥንት አልጠፋም። ባክቴሪያው የሚጠቀምበት የመከላከያ ምልክት መቀበያ በሌላቸው አይጦች ላይም አልጠፋም። እንግዲህ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ማሩም፣ ፌጦውም፣ በጠርሙስ ታሽጎ «የመከላከያ አቅም ይጨምራል» ተብሎ የሚሸጠው እንክብልም እዚህ ቦታ ላይ የሚያደርሰው ስንቅ ቢኖር እንኳ፣ የሚደርሰው ለማያልቅ ውጊያ ነው። ነጭ ሽንኩርት በወጥ ይብሉ፤ ጥሬውን ድድዎ ላይ አያስሩ፣ ያቃጥላል።

ማዳከምስ? ይህን መንገድ ተፈጥሮ ራሷ ሞክራልናለች። ኒውትሮፊሎቻቸው ከደም ሥር መውጣት የማይችሉ፣ ከውልደት የሆነ ብርቅ ችግር ያለባቸው ልጆች አሉ። አጥንትን የሚጎዳው የኒውትሮፊል መርዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእነዚህ ልጆች ጥርስ ከማንም የተሻለ በቆየ ነበር። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ገና በልጅነታቸው ጥርሳቸው ይወልቃል። ለረጅም ጊዜ «ጠባቂ ስለሌላቸው ባክቴሪያ በላቸው» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት ግን በድዳቸው ውስጥ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ኢንተርሉኪን 17 ከልክ በላይ መብዛቱን አሳየ፤ ኒውትሮፊሎቹ ቦታው ላይ ሲደርሱ «ደርሰናል፣ ጥሪው ይብቃ» የሚለው ምልክት ስለሚጎድል፣ ጥሪው ማቆሚያ አጥቶ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ይህንን ጥሪ በሚያፍን መድኃኒት የታከመ የአንድ ወጣት ድድ መሻሻሉ ተዘግቧል። ይህ ለእንደ እነሱ ያለ ብርቅ ሕመም የሚሰጥ፣ በመርፌ የሚወሰድ ከባድ መድኃኒት ነው። ለእርስዎ የሚለው ነገር ቢኖር፣ ጥበቃው ሲጎድልም ሲበዛም አጥንት መጥፋቱን ነው። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት ፕሪድኒሶሎን የተባለውን መከላከያ አዳካሚ መድኃኒት ገዝተው «ቁጣውን ላብርድ» እንዳይሉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ለትኋን ተብሎ አልጋ እንደማቃጠል ነው፤ ፕሪድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የመላ ሰውነትን አጥንት ያሳሳል።

ሐኪሞች በዚህ አቅጣጫ አልሞከሩም ማለቴ አይደለም። እንደ ፍሉርቢፕሮፌን ያሉ የቁጣ መከላከያ ክኒኖች የአጥንቱን መጥፋት እንደሚያዘገዩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታይቷል፤ ነገር ግን ለዓመታት መዋጥ በጨጓራና በኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከጥቅሙ ስለሚበልጥ የዘወትር ሕክምና ሊሆን አልቻለም። ራንክ-ኤልን በቀጥታ የሚይዝ ዴኖሱማብ የሚባል መርፌም አለ፤ የሚሰጠው ለአጥንት መሳሳትና ለአንዳንድ ካንሰሮች ሲሆን፣ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ የመንጋጋ አጥንት መሞትን በማስከተሉ ለድድ የሚታሰብ አይደለም። ይህን መርፌ ወይም ተመሳሳይ የአጥንት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጥርስ ከመነቀልዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከሁሉም ለዘብ ያለው ዶክሲሳይክሊን በትንሽ መጠን፣ 20 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ መውሰድ ነው፤ በዚህ መጠን ባክቴሪያ አይገድልም፣ ኮላጅን ቆራጩን ኢንዛይም ብቻ ያቀዘቅዛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ተፈቅዷል፤ እሱም ቢሆን የሚሰጠው ከእጥበት ጋር እንደ ድጋፍ ነው፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

የሚቀረው የውጊያውን ምክንያት ማንሳት ነው። አሰልቺ መልስ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ሰውነትዎ ውጊያውን ማቆም ያውቅበታል፤ በኦርሁስ የተደረገው ሙከራ ይህንኑ ነው ያሳየው። የእርስዎ ችግር ንጣፉ ብሩሽም ሆነ የወይራ መፋቂያ ከማይደርስበት ከድዱ በታች መውረዱ፣ በምራቅና በድድ ፈሳሽ ማዕድን እየጠጠረ ከሥሩ ጋር መጣበቁ ነው። እዚያ ድረስ የሚደርሰው የሐኪም እጅ ብቻ ነው።

ወደ ሕክምናው ሲመለሱ ሐኪምዎ ሚሊሜትር የተሰመረባት ቀጭን መለኪያ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ በስድስት ቦታ ቀስ አድርገው እያስገቡ «ሦስት፣ ሁለት፣ ስድስት» እያሉ ለረዳታቸው ያስጽፋሉ። እነዚህን ቁጥሮች ያዳምጡ፤ የራስዎ ናቸው። እስከ 3 ያለው ደህና ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስንጥቋ ኪስ ሆናለች፤ 6 ከተባለና ከደማ ደግሞ ከሥር ውጊያው ቀጥሏል ማለት ነው። ራጁንም ደግመው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው አጥንት በጤና ጊዜ ነጭ ጠርዝ ያለው ሆኖ ከጥርሱ አንገት ሁለት ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በበሽታ ጊዜ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ከፍታውም ወደ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። የቀረው አጥንት ከሥሩ ስንት እጅ እንደሚሸፍን ይጠይቁ። ጥርሱ ይቆይ ወይስ አይቆይ የሚለው ውሳኔ በአመዛኙ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

ጥርስ ማሳጠብ ያነቃንቃል የሚለው ስጋት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አጥንቱ ቀድሞ የወረደበት ጥርስ ዙሪያውን በጠጠረው ክምችት ተደግፎ ቆይቶ፣ ክምችቱ ሲነሳ እውነተኛ ይዞታው ይገለጣል። ድዱም እብጠቱ ሲጎድል ወደታች ስለሚሰበሰብ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፤ ለጥቂት ሳምንታትም ቀዝቃዛ ውኃ ያንዘረዝርዎ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው እጥበቱን ቢወቅስ አይገርምም፤ አጥንቱ የጠፋው ግን ከእጥበቱ በፊት ነው። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ከላይ ከላይ የሚደረገው የማስዋብ እጥበት ሳይሆን፣ በማደንዘዣ ከድድ በታች ሥሩን የሚያጸዳው ጥልቅ እጥበት ነው፤ አንዳንዴ በሁለትና በሦስት ቀጠሮ ይከፈላል። ከዚያ ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ እንደገና ይለካል። 6 የነበረው ኪስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ይቀንሳል፣ መድማቱም ይጎድላል። የወረደው አጥንት ግን በአብዛኛው ወደ ቀድሞ ቦታው አይመለስም፤ በአንዳንድ ቅርጽ ባላቸው ጉድጓዶች በቀዶ ሕክምና በከፊል መሙላት ይቻላል። ዓላማው ባለበት ማቆም ነው፤ በ38 ዓመት ዕድሜ ባለበት የቆመ አጥንት ጥርስን ለብዙ ዓመታት ሊሸከም ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ገዝተው አይዋጡ። ጎረቤት ሁሉ ይህን ይመክራል። መድኃኒቱ ለሳምንት ያህል መድማቱን ሊያስታግስ ይችላል፤ ንጣፉ ግን እርስ በርሱ የተጣበቀና በራሱ ዝልግልግ የተከለለ በመሆኑ ሳይነካ ይቀራል፣ መድማቱም ይመለሳል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልግበት ሁኔታ አለ፤ የሚታዘዘው ግን ከእጥበቱ ጋር፣ በሐኪም ውሳኔ ነው።

የእናትዎን ምክር በተመለከተ፣ ድድ መነቀስ ለውበትም ለመድኃኒትም ተብሎ የኖረ ልማድ መሆኑን አከብራለሁ፤ ጠቁሮ የሚያበራ ድድ ያላቸው እናቶች ፈገግታ የማይማርከው ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ቀለሙ ከሥጋው ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ከኪሱ ውስጥ ያለውን ንጣፍ አያነሳም፤ ከዚህም አልፎ ቅላቱን ስለሚሸፍን በሽታው ቢብስ በዓይን ለማየት ያስቸግራል። በተቆጣ ድድ ላይ መርፌ መውጋት ደግሞ ሌላ ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው፤ በተለይም መርፌው ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ከሆነ።

ሳይዘገይ ሊያደርጉት የሚገባ ሌላ ነገር የስኳር ምርመራ ነው። ስኳሩ ቁጥጥር ያጣበት ሰው ለዚህ በሽታ ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ የድድ ቁጣውም በበኩሉ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ነፍሰ ጡር ከሆኑም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በእርግዝና ጊዜ ድድ ለትንሹ ንጣፍ የሚሰጠው ምላሽ ይበረታል።

በቤትዎ ደግሞ አቦራረሹን ያሻሽሉ። ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርገው፣ ሳይጫኑ፣ በትንንሽ እንቅስቃሴ እያንዳንዱን ጥርስ ይያዙ። ቢደማም አያቁሙ፤ የሚደማው ቦታ ይበልጥ መጽዳት ያለበት ነው። የወይራ መፋቂያውን አይተዉት፤ የጥርሱን ፊት በደንብ ያጸዳል። በጥርሶች መካከል ግን አይገባም፤ አጥንቱም ብዙ ጊዜ መውረድ የሚጀምረው ከመካከል ነው። ስለዚህ ማታ ማታ በመካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ይጠቀሙ፤ ካላገኙ የጥርስ ክር ይጠቀሙ። የብሩሿን መጠን ሐኪምዎ ይምረጡልዎ፤ በየመካከሉ ሞልታ የምትገባ፣ ሳትታገል የምታልፍ መሆን አለባት። ከሕክምናው በኋላም በየሦስትና በየአራት ወሩ መታየት ይኖርብዎታል፤ ንጣፉ ከድድ በታች ተመልሶ የሚሠራው በጥቂት ወራት ውስጥ ነውና። ልጆችዎም የእናትዎንና የእርስዎን ታሪክ ስለሚጋሩ፣ ቋሚ ጥርሶቻቸው ከወጡ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ድዳቸው እንዲለካ ያድርጉ።

በመጨረሻም ያ ፍንጭት። ከልጅነት ጀምሮ የነበረ ፍንጭት ውበት ነው፤ በ38 ዓመት የተከፈተ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንትና ክር ስለላላ፣ ከሥር ያበጠው ሥጋም ስለገፋው የመጣ ነው። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ፣ ቁጣው ከበረደ በኋላ በራሱ ሊጠብብ ይችላል፤ ሰፋ ያለ ከሆነ ጥርስን በሽቦ ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ድዱ እየደማ ሽቦ የሚያስር ሐኪም ቢያጋጥምዎ እሺ አይበሉ፤ በተቆጣ ድድ ውስጥ የሚገፋ ጥርስ የቀረውንም አጥንት ያጣል። መጀመሪያ ጥልቅ እጥበቱ ይደረግ፣ ከሦስት ወር በኋላ ልኬቱ ይደገም፣ ቁጥሮቹ ወርደው መድማቱ ከቆመ በኋላ ስለ ሽቦው ይነጋገሩ።